ልጄ ባንኮክ ላይ የተጠየቀችበት ሳምንት

ከባንኮክ ከተመለስኩ ወዲህ ሰፈራችን ቀዳማይ ወያነ ውስጥ በሰላም መራመድ አቅቶኛል። ጎመን ልገዛ ብወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብወጣ፣ የማያስቆመኝ ሰው የለም። "ለተብርሃን፣ እስቲ ንገሪን፤ እውነት ሰዎቹ ጊንጥ ይበላሉ?" ሲሸጥ አይቻለሁ፣ ሲበላ ግን አላየሁም። ይህንኑ እየደጋገምኩ ምላሴ ዛለ። ዕድሜዬን ሁሉ መቐለ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ እንግዲህ አንዴ ጽፌው ልረፍ ብዬ ቁጭ አልኩ። ከዚህ በኋላ የሚጠይቀኝ ካለ ይህንን ያንብብ።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ልጄ ሉዋም ለትምህርት ወደዚያ ከሄደች ቆይታለች፤ ተመርቃም እዚያው ሥራ ይዛለች። አንድ ቀን ደወለችና ስትንተባተብ ቆይታ፣ "አደይ፣ ሰው አለ" አለችኝ። አደይ የምትለኝ እኔን እናቷን ነው። ሰውየው ቶን ይባላል፤ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ሉዋም ተከራይታ ትኖር የነበረው እናቱ ቤት ነው። ክው አልኩ። ልቆጣ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። "እምቢ ካልሽ እተወዋለሁ፤ ሁለተኛም ስሙን አላነሳብሽም። ግን መጀመሪያ ነይና እያቸው" አለች። ሉዋም ቃሏን አታጥፍም፤ በዚህ ቁርጥ አባቷን ናት። ያ ቃሏ ነው ያስፈራኝ። እምቢ ብል ልጄን አሳዝናለሁ፣ እሺ ብል ልጄን ለባሕር ማዶ ሰው ሰጥቼ ባዶ ቤት እቀራለሁ።

አባቷ ካረፈ ወዲህ ለልጆቼ አባት የሆኑላቸው ታላቅ ወንድሙ አያ ግደይ ናቸው። ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው፤ ቃላቸው ጥቂት፣ አንገታቸው የማይታጠፍ። ነገሩን ስነግራቸው፣ "ሽማግሌ ወደ ሴቷ ቤት ነው የሚመጣው። እነሱ እዚህ መምጣት ካልቻሉ ቤታችንን እዚያ ወስደን እንጠብቃቸዋለን" አሉ። በዚህ ተነሣን።

እሁድ

ከመቐለ፣ ከቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ ስንነሣ ከተማችን ነሐሴ ስለሆነ አረንጓዴ ለብሳ ነበር። አያ ግደይ በመስኮት ቁልቁል እያዩ የሠሩትን ግንብ ሁሉ ይቆጥሩልኝ ጀመር። "ያ የእኔ ነው። ያ ደግሞ የእኔ ነው፣ ጣሪያውን ያበላሹት ግን ሌሎች ናቸው።" አዲስ አበባ አውሮፕላን ለወጥን። ሌሊቱን ሙሉ እሳቸው አልተኙም፤ ወንበራቸውን ግራና ቀኝ ጨብጠው አውሮፕላኑን ራሳቸው የሚነዱት ይመስሉ ነበር።

ሰኞ

የፍልሰታ ጾም ነው። ሉዋም ከሥራ ፈቃድ ያገኘችው በዚህ ሳምንት ብቻ ስለሆነ ምርጫ አልነበረንም። ቁርስ ሲመጣ አያ ግደይ እጃቸውን አጣጥፈው አስተናጋጇን በትህትና መለሷት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም። እኔ ለመንገደኛ ይፈቀዳል ብዬ ሻይ ጠጣሁ። አላዩኝም ብዬ ነበር፤ አይተውኛል።

ባንኮክ ስንደርስ የጉምሩክ ሴትዮ ሻንጣዬን አስከፈተችኝ። ሦስት ከረጢት በሶ ነበረኝ። ዱቄቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ጓደኛዋን ጠራች። "ምግብ ነው" አልኩ በእጄ ወደ አፌ እያሳየሁ። ሌላ ሰው ተጨመረ። አያ ግደይ ትዕግሥታቸው አለቀና ከረጢቱ ውስጥ እጃቸውን ሰደዱ፣ እፍኝ ሙሉ በሶ አፋቸው ውስጥ ጨምረው እያኘኩ ፊት ለፊታቸው ቆሙ። ሰዎቹ ሳቁ፣ አለፍን። ሳል ይዟቸው በዐይናቸው እንባ ግጥም ብሎ፣ "ጾሜን አስገደፉኝ እኮ! በደረቁ!" እያሉ ወጡ። ሉዋም ከደጅ ቆማ ስትጠብቀን ያየችው የመጀመሪያ ነገር አጎቷ ጢማቸው በበሶ ነጭ ሆኖ ሲቆጡ ነው።

አቀፍኳት። ምን ልበላችሁ፣ ልጅ ከስንት ጊዜ በኋላ ስትታቀፍ ከብዳም ቀልላም ትገኛለች። ከዚያ መኪና ውስጥ ገባንና ከተማይቱ ጀመረች፤ ከጀመረች በኋላ ደግሞ አላልቅ አለች። መንገዱ በዓምድ ላይ ነው፤ ከሱ በላይ ሌላ መንገድ፣ ከዚያም በላይ ባቡር። ከመቐለ ተነሥቶ ውቅሮ የሚያደርስ ጊዜ ሄድን፤ አሁንም ከተማ ነው። "መቼ ነው የምታበቃው?" አልኳት። "ገና መሐሏ አልገባንም አደይ" አለችኝ። አያ ግደይ አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው፣ "እዚህ ሁሉ ላይ ሰው ወጥቶ ነው የሠራው?" ብለው ጠየቁ፤ ድምፃቸው ቤተ መቅደስ ውስጥ እንደሚያወሩት ዝቅ ብሎ ነበር።

ያረፍንበት ፔንሲዮን ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው። ባለቤቷ ደርባባ ሴትዮ ናት፤ ደጃፏ ላይ ጫማ ይወለቃል። አያ ግደይ "ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ?" አሉና ደስ ብሏቸው አወለቁ። ወዲያው ዝናቡ መጣ። የእኛ የክረምት ዝናብ አጥንት ይሰብራል፤ የእነሱ ለብ ያለ ነው! እጄን በመስኮት አውጥቼ እንደ ሕፃን ቆምኩ። ውጪ የቀረው የአያ ግደይ ጫማ ውሃ ሞላ። ሴትዮዋ ሳንነግራት አንሥታ ጋዜጣ ወትፋበት፣ የራሷን ማራገቢያ ከፍታበት ሄደች። እሷ ራሷ ያን ሁሉ ሰዓት በእጇ እያራገበች ተቀመጠች።

ማክሰኞ

ቀኑ የምግብ ጭንቀት ነበር። እዚያ አገር ጎመኑም ሩዙም የዓሣ መረቅ አለበት። ሉዋም ወደ አንድ ጎዳና ወሰደችንና በቀይ የተጻፈባት ቢጫ ባንዲራ የተሰቀለባት ጋሪ ፊት አቆመችን። "ጄ በሉ" አለችን። ጄ ማለት ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፣ ዓሣም የለ።

"ጾም አላቸው?" አሉ አያ ግደይ።

"አላቸው። አሁን የዝናብ ወር ስለሆነ መነኮሳቱ ከገዳም አይወጡም፤ አንዳንዱ ሰውም መጠጥና ሥጋ ይተዋል። የቶን እናት ማሊም ትታለች። በዚህ ወር ሰርግም አይሠርጉም።"

አያ ግደይ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "በጾም ሰርግ የለም?"

"የለም አቦይ ግደይ።"

"እንግዲያው ሰዎች ናቸው" አሉና መብላታቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን የሃይማኖቱን ነገር በሆዴ ይዤው ስለነበር በዚያው አነሣሁት። ሉዋም ማዕተቧን ከአንገቷ ስር አውጥታ አሳየችኝ። "እኔ ይህን አልበጥስም። እሱም የእናቱን አይተውም። ተነጋግረናል" አለች። ልጆች ቢወለዱስ አልኳት። ሳህኔ ላይ ጎመን ጨመረችልኝ። ምግቡ ጣፋጭ ነበር፣ እኔ ግን ሳህኑን ገፋ አደረግኩት።

ረቡዕ

ወንዙን አየሁ። በእኛ ሰፈር ቧንቧው በተራ ነው የሚመጣው፤ ተራው ሲደርስ ድስቱም ባልዲውም ጀሪካኑም ይሰለፋል። እዚህ ደግሞ ውሃ በከተማ መሐል እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ሰው ተሳፍሮበት ሥራ ይገባል፤ ተማሪው፣ መነኩሴው፣ ሻጩ ሁሉ በጀልባ ነው። አያ ግደይ መጀመሪያ አልሳፈርም ብለው ነበር። አንዴ ከተሳፈሩ በኋላ ግን ማዶና ማዶ ሦስት ጊዜ አመላለሱን።

ማዶ ላይ አንድ ትልቅ ግንብ አለ፤ ቤተ ጣዖታቸው ነው። እኔ ከውጭ ቆሜ አየሁት። አያ ግደይ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ወንዙ ዞሩ። ትንሽ ቆይተው በአንድ ዐይናቸው ወደ ኋላ ሰረቅ አደረጉ። ጥቂት ቆዩና በሁለቱም። ከዚያ፣ "ለሥራው ነው እንጂ ለጣዖቱ አይደለም" ብለው አማተቡና ሄዱ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ያ ከሩቅ ሐር የሚመስለው ግንብ ለካ ከስባሪ ሸክላ ሳህን የተሠራ ነው፤ እያንዳንዷ ስባሪ በአበባ ቅርጽ ተደርድራ፣ ከመሬት እስከ ሰማይ። አያ ግደይ ስባሪዎቹን በጣታቸው እየተከተሉ ዙሪያውን ሄዱ። ጠብቄ ጠብቄ ስሄድ ቆመው አገኘኋቸው። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ምነው አያ?"

"ይህን የሠራ ሰው ሞቷል አይደል?"

"ብዙ ዘመኑ ነው።"

"ባገኘው እጁን እስመው ነበር" አሉኝ። ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ሐሙስ

ሽማግሌ የሚመጣበት ቀን። የፔንሲዮኑ ባለቤት ነገሩን ከሉዋም ሰምታ አዳራሿን ጠርጋ፣ ምንጣፍ አንጥፋ ጠበቀችን። አያ ግደይ ሙሉ ልብስ ለብሰው ነጠላ ደርበው ወንበር ላይ ተሰየሙ።

ማሊ መጣች። ቀጭን፣ ፀጉሯ ነጭ የጀመረ፣ የአበባ ሱቅ ያላት ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እንደ እኔ። ከእሷ ጋር ሽማግሌ ወንድሟ አለ፤ ከኋላ ደግሞ ቶን፣ ረጅምና ዐይነ አፋር፣ ትሪ ይዞ። ትሪው ላይ ፍራፍሬና የጃስሚን አበባ ጉንጉን ነበር። በእኛ ወግ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ቁጭ በሉ ሲባል "ነገር አለን" ብሎ ይቆማል። እነሱ ግን ገና እንደ ገቡ እጃቸውን አገናኝተው ሰገዱና መሬት ላይ ተቀመጡ። አያ ግደይ ደነገጡ። "እነሱ መሬት፣ እኔ ወንበር?" አሉና ጉልበታቸው እየጮኸ ወረዱ። የማሊ ወንድም ይህን ሲያይ የበለጠ ጎንበስ አለ። አያ ግደይም ጎንበስ አሉ። ትንሽ ቢቆዩ ሁለቱ ሽማግሌዎች ምንጣፉን በግንባራቸው ይነኩት ነበር።

ሌላ አስተርጓሚ ስላልነበረን ተጠያቂዋ ራሷ ሉዋም አስተረጎመች። በእኛ አገር እንዲህ ባለ ቀን ልጅቱ ጓዳ ናት፣ ድምፅዋም አይሰማም። የእኔ ልጅ ግን መሐል ተቀምጣ፣ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ "ልጄ ልጅሽን ይወዳል፣ እኔም እወዳታለሁ፣ ስጡን ትላለች" እያለች የራሷን ጥያቄ ለእኛ አቀበለች። አንጀቴን በላችው።

አያ ግደይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባቶቻቸው የሚሉትን አሉ። "ሰምተናል። እኛም ወገን ዘመድ አለን። እንመካከራለን። ሌላ ቀን ተመለሱ።" ወደ ትሪውም አልተጠጉም፤ እሺ ሳይባል የሽማግሌ እጅ መንሻ አይነካም። እኔም በሆዴ፣ እሰይ፣ ወጋችንን አላጓደልንም አልኩ። ልጃችን ርካሽ እንዳትመስል በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይባል ማን የማያውቅ አለ?

ሉዋም ምንጣፉን እያየች አስተረጎመች። ማሊ ፈገግ አለች፤ ከፈገግታዋ አንዲት ነገር አልጎደለም። እጇን አገናኝታ ሰገደች፣ ቶን ትሪውን አነሣ፣ ሄዱ። ሉዋም እስከ በሩ ሸኝታቸው፣ ራሴን አሞኛል ብላ ወደ ቤቷ ገባች። ልጅ አይደለች፣ አፍራ ነው ብዬ ተውኳት። ለእራት ያገኘነውን ጄ በልተን፣ እኔና አያ ግደይ ደስ ብሎን ስለ ልጁ ስናወራ አመሸን። "ጨዋ ነው፤ ዐይኑን አላነሣም" አሉ። መቼም ከእሁድ በፊት ይመጣሉ ብለን፣ ሲመለሱ እሺ ልንላቸው ተስማማን። የሃይማኖቱ ነገር እሾኽ ሆኖ ሆዴ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ቢሆንም ያችን ሴት ካየሁ በኋላ እምቢ የሚል አፍ አልነበረኝም።

ዓርብ

ሉዋም አልመጣችም። ስልኳ ይጠራል፣ አይነሣም። ከቀትር በኋላ መጣች፤ ዐይኗ አብጧል።

"ጨርሻለሁ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ቶንን። ነገርኩት። እምቢ ካላችሁ እተዋለሁ ብዬ አልነበር? ተውኩ።"

"ማን እምቢ አለ አንቺ ልጅ?!"

"አቦይ ግደይ! በእኔ አፍ አስብለው! ስጦታቸውን እንኳ ሳትነኩ መለሳችኋቸው። እዚህ አገር እኮ ስጦታ ተመለሰ ማለት ሰው ተናቀ ማለት ነው!"

"የመጀመሪያ ቀን እሺ ይባላል እንዴ? 'ተመለሱ' ማለት እኮ እሺ ማለት ነው! ይህን የማያውቅ የአገር ልጅ አለ?"

ሉዋም አፏን ከፍታ አየችኝ። "በየት ልወቀው? የእህቴ ሽማግሌ የመጣ ቀን ጎረቤት ነው የላካችሁኝ። የራሴ ሲመጣም ጓዳ እንደምትከቱኝ ነው የማውቀው። መቼ ነገራችሁኝ?"

እውነቷን ነው፤ ለሴት ልጆቻችን ይህን ነግረን አናውቅም። ለቶን ደወልን። በስንት ልመና አነሣው። እናቱ ሱቋን ዘግታ መዋሏን፣ "ደግመን እናቷን እንዳናስጨንቅ" ብላ እንደከለከለችው ነገራት። ሉዋም ልታስረዳው ሞከረች፤ እሱ ግን፣ "ይሉኝታ ይዟችሁ ነው፤ አትዘኑልን" አለ። ለእናቱ ነገሩን በስልክ ማስረዳት እንደማይቻል ገባኝ።

"እንሂድ" አልኩ። "ቤታቸው ሄደን እንንገራቸው።"

አያ ግደይ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሴት ልጅ ይዘን የወንድ ቤት ደጃፍ? ይህ በዘራችን ተደርጎ አያውቅም። ሰው ቢሰማ ልጃቸውን እያዞሩ ይለምናሉ አይለንም?"

"መቐለ ድረስ ማን ይሰማል?"

"እኔ እሰማለሁ።"

"እንግዲያው ብቻዬን እሄዳለሁ።"

"ሴት ብቻዋን ሽማግሌ ትሆናለች?"

"ነገ ትሆናለች" አልኳቸውና ክፍሌን ዘጋሁ። ተናድጄ ነበር። ደግሞም ፈርቼ ነበር፤ ቀኔ ነገ ብቻ ነው፣ እሁድ አውሮፕላን አለ። ልጄ ቃሏን ጠብቃ፣ እኔ እምቢ ሳልል፣ በእኔ ምክንያት ሰው ልታጣ ነው።

ቅዳሜ

ሉዋም ማሊን ሱቅ ሳትሄድ ለማግኘት በማለዳ መድረስ አለብን ብላ ነበር። በሬን ስከፍት አያ ግደይ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ያን ጋዜጣ የበላ ጫማቸውን አሥረው ቆመዋል። ክፍሌን ቆልፌ ተከተልኳቸው።

ከትልቁ ወንዝ ወደ ቀጭን የውሃ መንገድ ገባን። ጎሕ እየቀደደ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ቤቶቹ በእግራቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል፤ ደረጃቸው የሚወርደው ወደ ውሃ ነው፤ ሴቶች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሳህን ያጥባሉ። ወፉ ይጮኻል፤ ሰማዩ ከላይም ከታችም ቀይ ነው። ጀልባ ነጂው ሞተሩን ሲያጠፋው ዓለም ሁሉ ጸጥ አለች። "ጌታ ሆይ፣ ስንቱን ነው የፈጠርከው" አልኩ ጮክ ብዬ። አያ ግደይ "አሜን" አሉ።

ሉዋም በእጇ ዝም እንድንል ምልክት ሰጠችን። ከፊታችን አንድ መነኩሴ ብቻውን ትንሽ ጀልባ እየቀዘፈ ወደ አንድ ቤት ደረጃ ተጠጋ። ደረጃው ላይ ማሊ ተንበርክካለች። ሩዝ ጨመረችለት፣ ሰገደች። መነኩሴው ጸሎቱን ሲያደርስ እሷ ከትንሽ ማሰሮ ውሃ በቀጭኑ ወደ ጎድጓዳ ሳህን እያንቆረቆረች ታንሾካሽካለች። እኛ ከዛፍ ጥላ ሥር ነን፤ አላየችንም። ከዚያ በመሐል፣ ከማይገባኝ ቃል መሐል፣ ስሜን ሰማሁ።

እየሰባበረችው ነው። ግን ስሜ ነው። ለተብርሃን።

ዞሬ ሉዋምን አየኋት። እሷም ደንግጣለች። "ያኔ በጦርነቱ ስልክ የተዘጋ ጊዜ..." አለች በሹክሹክታ። ያንን ጊዜ ማብራራት አያስፈልግም፤ የመቐለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ልጄ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳላውቅ፣ ልጄም እኔ ልኑር አልኑር ሳታውቅ የኖርንበት ጊዜ ነው። "ሌት ተቀን ሳለቅስ ማሊ ገብታ 'እናትሽ ማን ትባላለች?' አለችኝ። ነገርኳት። ያደረጉት ጽድቅ ለሰው እንዲደርስ ስም እየጠሩ ውሃ ያፈሳሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ትጠራሽ ነበር። ከቤቷ ከወጣሁ በኋላ የተወችው መስሎኝ ነበር።"

"ከትናንት ወዲያ እምቢ አልናት እኮ" አልኩ።

"አዎ" አለች ሉዋም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በሥርዓት መጻፍ ይከብደኛል። አልቅሻለሁ። ጀልባው ተጠጋ፣ ማሊ ቀና አለችና አየችን፤ ማሰሮው ከእጇ ሊወድቅ ነበር። አያ ግደይ እየተንገዳገዱ ደረጃው ላይ ወጡ። ማሊ ምንጣፍ እያሳየች ተቀመጡ አለች። አልተቀመጡም። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። "ነገር አለን" አሉ። "ሉዋም፣ አንድም ቃል ሳታስቀሪ ንገሪልኝ። እኛ ከሩቅ አገር የመጣን ሽማግሌዎች ነን። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን።"

ሉዋም እየሳቀችም እያለቀሰችም አስተረጎመች፤ ከዚያ የሐሙሱን ነገር፣ የጓዳውን ነገር፣ ሁሉንም አስረዳች። ማሊ አፏን በእጇ ሸፍና ሰማች። በመሐል ቶን ገላውን ሲታጠብ ድምፅ ሰምቶ በፎጣ ብቻ ብቅ አለ፤ አያ ግደይን ሲያይ እንደ አይጥ ሮጦ ተመለሰ። ማሊ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሳቋ ሲበርድ ወደ እኔ መጥታ እጄን ያዘችና አንድ ነገር አለች።

"ምን አለች?"

"'ልጄን ከሰጠኋችሁ ቆይቷል። አሁን ግቡና ቁርስ ብሉ፣ እናንተም ጾመኛ ናችሁ፣ እኔም ነኝ' አለች።"

ቅዳሜ ነው፤ ጠዋት መብላት ይፈቀዳል። ውሃው ከሥራችን እየሄደ፣ ማሊ ያበሰለችውን ሩዝና ጎመን በላን። በእጄ ጠቅልዬ አጎረስኳት። መጀመሪያ ምን እንደማደርግ አልገባትም ነበር፤ ሲገባት ግን እሷም እኔን ልታጎርስ ሞከረችና ግማሹ ጭኔ ላይ ፈሰሰ።

እሁድ

ሉዋምን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተሰናበትኳት። ሰርጉ ጾሙም ዝናቡም ካለፈ በኋላ ነው። ልጄ ከእንግዲህ ቤቴ ተመልሳ እንደማትኖር አውቄዋለሁ፤ አውሮፕላኑ እስኪነሣ ድረስ አልቅሻለሁ። አያ ግደይ ግን ከጎኔ ተኝተው ያንኮራፉ ነበር።

መቐለ ስደርስ ፍልሰታ አላበቃም ነበር። በማግስቱ ቅዳሴ ሄድኩና ካህኑ በጸሎት እንዲያነሡልኝ የቤተሰቦቼን ስም ሰጠሁ። ባለቤቴን፣ ልጆቼን፣ አያ ግደይን። "አንዲት ሌላ ሴት አለች፣ አባ" አልኩ። "የክርስትና ስሟ?" አሉኝ። "የላትም።" ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ አዘኑ እንጂ። "እንግዲህ እንዲህ ከሆነ በዚህ ውስጥ ላስገባት አልችልም፣ ልጄ" አሉኝ። ሥርዓቱን አውቃለሁ፤ እሺ አባ ብዬ መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።

ከግቢው ጥግ ወይራ ዛፍ አለ። ከሥሩ ሄጄ ፊቴን ወደ ቤተ መቅደሱ መለስኩ። ጌታ ሆይ፣ ማሊን አስባት አልኩ። ሰዎች ዞረው አዩኝ፤ ጮክ ብዬ ነበር ያልኩት። ደግሜ አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው እላለሁ።